በበጋ እግራችንን አንርሳ



የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ፊታችንን ቅባት እንቀባለን፣ ጃንጥላ እንዘረጋለን። እግራችንንስ ማን አየው? በድርቁ ተረከዝ ይሰነጠቃል። በባዶ እግር ለሚሄድ የቀይ አፈር ብናኝ በቆዳው እየገባ ከዓመታት በኋላ እግር ያሳብጣል፤ በኛ አገር ዝሆኔ የምንለው በአብዛኛው ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ መርምረው መነሻው አፈር መሆኑን አሳይተዋል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ታዲያ እግሩ ያበጠን ጎረቤት ከጽዋ ማኅበር ማራቅ ምን የሚሉት ነው? እኛ ፈጽሞ አልወደድነውም።

ማታ ማታ እግር በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ። ውኃው አጥሯል ቢባልም ለእግር አንድ ጆግ አይጠፋም። ለልጆች ከበዓል ልብስ በፊት ድፍን ጫማ ይገዛላቸው። እግሩ ማበጥ የጀመረውም ሳያፍር ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የማኅበሩ ጸሐፊ