በደንበኛ መመላለስ የማይመዘን ሸቀጥ

ደንበኛ ደጋግሞ የሚመለስበት ሸቀጥ መልካም ሸቀጥ ነው የሚለው አስተያየት በነጋዴው ዘንድ የቆየና ብዙ ጊዜም እውነትነት ያለው ነው። ነገር ግን ይህ መመዘኛ ፈጽሞ የማያገለግልበት አንድ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰለ ኮርቲኮስቴሮይድ እያለበት በመዋቢያ ስም የሚሸጠው የፊት ቅባት ነው።

መድኃኒቱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ በተቋቋመውና ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም በሚታከምበት በኮልፌ ቀራንዮው አለርት ሆስፒታል ዘንድ የዚሁ ወገን መድኃኒት ጥቅም የታወቀ ነው። ፕሬድኒሶሎን በሐኪም መጠን ሲሰጥ፣ የሥጋ ደዌ የሚያስነሣው ብግነት ነርቭን እንዳይጎዳ ይከላከላል። ነቀፌታው የሚያርፈው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሳሙናና ከሽቶ ጋር በአንድ መደርደሪያ በመቀመጡ ላይ ነው።

ቅባቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ያሰኛል፤ ማሳከክን ያስታግሣል፣ መልክንም ያፈካል። ወራት ሲያልፉ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ፣ ብጉርና ፀጉር በፊት ላይ ይወጣሉ። በጭርት ላይ የተቀባ እንደ ሆነ የጭርቱን መልክ ለውጦ ሳይታወቅ እንዲስፋፋ ያደርገዋል። ገዢዋ ያቋረጠች ጊዜ ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታልም፤ እርሷም የሕመሙን ምክንያት ሳታውቅ ያንኑ ቅባት ልትገዛ ወደ ሱቁ ትመለሳለች። ባለሱቁ ይህን እንደ መልካም ገበያ ይቆጥረዋል፤ ዳሩ ግን ሴትዮዋ የተመለሰችው ሸቀጡን ወዳ ሳይሆን ከእርሱ መላቀቅ ተስኗት ነው።

«እኔ ባልሸጠው ጎረቤቴ ይሸጠዋል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ነገር ግን ገዢና ሻጭ በስም በሚተዋወቁበት እንደ ኮልፌ ባለ ሰፈር፣ ፊቷ የተበላሸባት ሴት ቅባቱን ከማን እንደ ገዛች አትረሳም፤ ጎረቤቶቿም አይረሱም። የአንድ ቅባት ትርፍ ጥቂት ብር ሲሆን፣ የጠፋ እምነት ግን በብር ተመልሶ አይገዛም።

ስለዚህ አስመጪው የጥቅሉን ሥዕል ትቶ የይዘቱን ዝርዝር ማንበብ፣ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበውንም አለማስገባት ይገባዋል። መድኃኒትንም መዋቢያንም የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት አልፈዋልና አላወቅሁም ማለት ምክንያት አይሆንም። ባለሱቁም እነዚህ ስሞች የተጻፉበትን ቅባት ከመደርደሪያው ያንሣ፤ ሲጠቀምበት የኖረውን ደንበኛ ግን በድንገት ከማቋረጡ በፊት ወደ ቆዳ ሐኪም እንዲሄድ ይምከረው። እንዲህ ያለው ምክር ገንዘብ ባያስገኝም፣ ሱቁ ደንበኛውን በእውነት የሚመልስበት መንገድ እርሱ ነው።