ስሕተቱን የደበቀ ሆስፒታል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ሕዝባችን። ይህ አባባል ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለሆስፒታሉም እንደሚሠራ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር ተማሪዎች ለአንባብያን ማስረዳት እንወዳለን።

ነርስ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት አምስት ነገር እንድታረጋግጥ ትማራለች፤ እነርሱም በሽተኛው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓቱ ናቸው። ትምህርቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከአቅሟ በላይ በሽተኛ የተሸከመችና እንቅልፍ ያጣች ነርስ ብትሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ዘገባ፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስሕተት በያመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት ገምቶ፣ ዋናው ምክንያት የአሠራር ጉድለት መሆኑን ገልጿል።

በዚያው ዓመት ጁሊ ሞራት የተባሉ የሥራ ኃላፊ በነዚህ ሁለት ከተሞች ወደሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው፣ ሠራተኛው ቅጣት ሳይፈራ ስሕተቱን የሚያስታውቅበትን ሥርዓት አቋቋሙ። በ2003 ደግሞ የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ሆስፒታሎች ከባድ አደጋዎችን፣ በመድኃኒት ስሕተት የሚደርሰውን ጭምር፣ እንዲያስታውቁ በሕግ አስገደደ። ዘገባው የሆስፒታሉን ስም ያወጣል እንጂ የነርሷን ስም አያወጣም።

ይህ ማለት ግን እዚህ ሁሉ ነገር ተሟልቷል ማለት አይደለም። በመስከረም 2022 15,000 ያህል ነርሶች በነዚህ ከተሞችና በዱሉት ለ3 ቀን ሥራ ያቆሙት፣ የነርስ ቁጥር ማነስ በሽተኛውን ይጎዳል ብለው ጭምር ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አስታማሚ ከውጭ ገዝቶ ያመጣውን መድኃኒት፣ የስም መመሳሰልንና የነርስ እጥረትን የማያውቅ አንባቢ የለም። በአንድ ክፍል ሁለት «አበበ ከበደ» ቢተኙ የአያት ስምና ዕድሜ መጠየቅ ምን ያህል ገንዘብ ይፈጃል? አደገኛ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ሁለተኛ ነርስ መጠኑን ብታመሳክር፣ የተሰጠውም ወዲያው ቢጻፍ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

የሚከብደው ሌላ ነው። የተሳሳተችው ነርስ ደመወዟ እንደሚቆረጥ ወይም እንደምትታሰር ካወቀች ዝም ትላለች፤ በሽተኛውን ለማዳን የቀረው ጊዜም በዝምታው ያልፋል። እያወቀ የሚበድል ይጠየቅ፤ ሳታውቅ የተሳሳተችው ግን ትሰማ። አለቆችም «ማን አጠፋ?» ከማለታቸው በፊት «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለው ይጠይቁ። ሕክምና ተምራችሁ የምትመለሱ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከመሣሪያው አስቀድማችሁ ይህን ልማድ ይዛችሁ ግቡ።