ልጅ ማሰር ጥበብ አይባልም

«እገሌ ወህኒ ወረደ» እንላለን። ወህኒ ግን የሚወጣበት እንጂ የሚወረድበት ቦታ አይደለም። በጌምድር ውስጥ ያለ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። አፄ ፋሲለደስ (1632–1667፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የንጉሥ ዘር ያለባቸውን ወንዶች እየሰበሰበ እዚያ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ አደረጉ። ቀን አልፎ ተራራው ባዶውን ሲቀር ስሙ የማንኛውም እስር ቤት ስም ሆነ። ዛሬ ሞባይል ሰርቆ የተያዘ ጎረምሳ የሚገባበት ቤት የሚጠራው በልዑላን ተራራ ስም ነው።

ከወህኒ በፊት ደግሞ ግሸን ነበረች። አዎ፣ ያቺው መስቀለኛዋ ግሸን። አምባሰል ውስጥ ያለችው፣ መስከረም 21 ሲሆን ሕዝቡ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባት ግሸን ማርያም። ግማደ መስቀሉን የማያውቅ የለም። ተራራዋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የልጆች እስር ቤት እንደነበረች የሚያውቅ ግን ስንት ነው?

ዛሬ የተነሳሁት ጨርሶ በማያውቁት ላይ አይደለም። በሚያውቁት ላይ ነው። ጨዋታው ስለ ግሸን በተነሳ ቁጥር አንድ አዋቂ አይጠፋም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ «አባቶቻችን እኮ ጥበበኞች ነበሩ» ይላል። ከዚያ ማስረጃውን ይደረድራል። ቱርኮቹ ወንድሞቻቸውን ያርዱ ነበር፤ ሱልጣን መሐመድ ሦስተኛው በ1595 ዙፋን ላይ ሲወጣ 19 ወንድሞቹን አስገድሏል። የኛዎቹ ግን አልገደሉም፣ ተራራ ላይ አስቀመጡ። እዚያም ዳዊት ደገሙ፣ ዜማ ተማሩ፣ ቅኔ ዘረፉ። ዘርዐ ያዕቆብን የሚያህል ሊቅ ንጉሥ የወጣው ከዚያ አይደለም ወይ? ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ወደ አምባው ልከው አንዱን ያወርዳሉ፣ ያነግሣሉ፣ አገር ሰላም ይሆናል። በአጭሩ ግሸን የልዑላን አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች ይለናል።

ሲሰሙት ደስ ይላል። የ19 ወንድሞቹን ሬሳ በአንድ ቀን ካስወጣ ሰው ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ግን ምን ዓይነት ውድድር ነው?

አጀማመሩን በተመለከተ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት የይግባ ጽዮንን ልጆች ነው። የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን በ1294 ሲሞት ልጆቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ተራ በተራ ነገሡ፤ በ1299 ውድም አርዐድ ዙፋኑን እስኪይዝ ድረስ አገሩ ታመሰ። ወንድማማች እንዳይፋጅ ተብሎ የመጣው መላ እንግዲህ አምባው ነው። ንጉሥ ሊሆን የሚችል ወንድ ሁሉ ሊነግሥ በመቻሉ ብቻ ይታሰራል። እዚያ ያገባል፣ ይወልዳል። ልጁም እስረኛ ሆኖ ይወለዳል፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ፣ ይህን ያህል ዓመት የሚባል ነገር የለ። ጥፋቱ አባቱ ነው።

ለመሆኑ «አዳሪ ትምህርት ቤቱ» ምን ይመስል ነበር? በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት አገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ብዙ ነገር ጽፎልናል። ወደ አምባው ሳይፈቀድለት የተጠጋ ሰው እጅና እግሩ እንደሚቆረጥ፣ ዓይኑም እንደሚወጣ ይነግረናል። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የልብነ ድንግል ወንድም ታሪክ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ነው። ከአምባው አምልጦ እናቱ ዘንድ ሄደ። እናት ምን ታድርግ? የሸሸ ልዑል ያስጠለለ ሞት ነው የሚጠብቀው። ራሷ ይዛው ወደ ንጉሡ ሄደች። ንጉሡ «ለምን ሸሸህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁም በረሃብ ልሞት ነው፣ ይህን የሚነግርልኝ ሰው ባጣ ራሴ ልነግርህ መጣሁ አለ። ልብነ ድንግል አዘነለት፤ ጥሩ ልብስ አለበሰው፣ ወርቅ ሰጠው፣ ከዚያም መልሶ ወደ አምባው ሰደደው።

ልጁ ድጋሚ ሸሸ። በዚህኛው ጊዜ መነኩሴ መስሎ ነበር፤ አብሮት የነበረው መነኩሴ አጋለጠው። ሲመልሱት በበቅሎ ላይ ሆኖ ከነበቅሎው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ያየው ሰው ሁሉ ወይ ይገደላል ወይ ዓይኑ ይወጣል ይል ነበር። መጨረሻው ምን እንደሆነ አልቫሬዝም አልሰማም።

ሌላም አለ። የልብነ ድንግል አጎት ነው። ሰውነቱን በቅጠልና በቅርንጫፍ ሸፍኖ፣ ቁጥቋጦ መስሎ ሊያመልጥ ሞከረ። ገበሬዎች ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ አዩና ሄደው ያዙት። ጠባቂዎቹ ዓይኑን አወጡት። እንግዲህ ይህንን ነው «አልገደሉም» የምንለው።

ደግሞ ረሃቡን ልብ በሉልኝ። የንጉሥ ወንድም በአገር ቀለብ የሚኖርበት ቦታ ላይ ይራባል። ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላም ወህኒ ላይ ያው ነው፤ ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው ቀዳማዊ ኢያሱ ዘመዶቹን ሊያይ ሲሄድ ቡትቶ ለብሰው አገኛቸው፤ ለእነሱ የተመደበውን ሹሞቹ በልተውታል። ኢያሱም አዘነ፣ ሰጠ፣ አለበሰ። ወህኒ ግን እንደ እስር ቤትነቷ ቀጠለች። በጀት የሚበላ የእስር ቤት ኃላፊ የዘመናችን ፈጠራ የመሰለው ካለ ይኸው።

ፖርቱጋሎች መዝግበው ያቆዩት ሌላ ወግ ደግሞ አለ። አፄ ናዖድ ራሱ በ1494 ከግሸን ወርዶ የነገሠ ነው። አንድ ቀን ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ከሚሆነው ልጁ ጋር ሲሄድ አንድ አማካሪ ልጁን አይቶ አድጓል አለ። ለሌላ አባት ይህ ምርቃት ነው። ልጁ ግን ወዲያው አለቀሰ፤ ያደግኩት ለግሸን ነው ወይ ብሎ አባቱን ጠየቀ። ናዖድም ከዚያ ወዲያ የንጉሥ ልጅ እንዳይታሰር አማካሪዎቹን አስማለ ይባላል። ወግ ነው፤ ሁሉን ልንወስደው አንችልም፤ ከናዖድ በኋላም አምባው ባዶ እንዳልነበረ ያ የ16 ዓመት ልጅ ምስክር ነው። ግን እስቲ ወጉን የፈጠረውን ሰው አስቡት። የዚያን ዘመን ሰው ማደግ ለእነዚያ ልጆች ምን ማለት እንደሆነ ገብቶት ነበር። ያልገባው የኛ ዘመን አዋቂ ነው።

አሁን ወደ «አገር ሰላም ሆነ» እንምጣ። አሠራሩ በጥሩ ሁኔታ ላይ በነበረበት ዘመን፣ አፄ ይስሐቅ በ1429 ገደማ ከሞተ በኋላ እስከ 1434 ድረስ እንድርያስ፣ ተክለ ማርያም፣ ሠርወ ኢየሱስ፣ ዐምደ ኢየሱስ ተከታትለው ነገሡ፤ አምስተኛው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በአምስት ዓመት አምስት ንጉሥ። የይግባ ጽዮን ልጆች ካደረጉት በምን ተሻለ? በ1540 ገደማ ደግሞ የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር አምባውን ሲሰብር ላይ የነበሩት ተጨፈጨፉ። መሸሻ አልነበራቸውማ! የንጉሥ ዘር በሙሉ አንድ ገደል ላይ መሰብሰብ ለጠላት ምን ያህል እንደሚያመች ማሰብ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

ወህኒም የጎንደርን ነገሥታት አላዳነችም። ቀዳማዊ ኢያሱን በ1706 ያስገደለው ወህኒ ያልታሰረው የገዛ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ወገን ነው። ተክለ ሃይማኖትም በ1708 ተገደለ። ዳዊት ሦስተኛው በ1721 በመርዝ ሞተ።

የጉድ ጉድ የሚባለው ግን የ1769ኙ ነው። ራስ ሚካኤል ስሁል አፄ ኢዮአስን ካስገደለ በኋላ ንጉሥ አስፈለገው። የት ይገኛል? ወህኒ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው የበካፋ ወንድም ዮሐንስ ወረደ። አንድ እጁ ቆራጣ ነው፤ ሊያመልጥ ሞክሮ ተይዞ የተቆረጠ ነው ይባላል። ሽማግሌው ጦር ሜዳ አልሄድም ሲል ሚካኤል በመርዝ አስገደለውና የ15 ዓመት ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሠ። ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ። እንግዲህ አምባው የማን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። የእስር ቤቱን ቁልፍ የያዘ ሰው ንጉሥ እንደ እህል ከጎተራ እየሰፈረ ያወጣል። ለዘመነ መሳፍንት መሳፍንቱን ብቻ የምንወቅስ ሰዎች ጎተራውን ማን እንደሠራው ብንጠይቅ ምን አለበት?

በነገራችን ላይ ፈረንጆቹም ከኛ አይሻሉም። ሚልተን ገነትን ሲሥል የኛን አምባ ከገነት ጋር ያወዳድራል፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» ብሎ የጻፈው የሐበሻ ልዑል የሚኖረው ሙዚቃና የአትክልት ቦታ በሞላበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ለንደን ተቀምጦ የሰው እስር ቤት ገነት ማድረግ ቀላል ነው።

ልማዱ ከወህኒ ጋር ቢቀር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ቴዎድሮስ የሸዋውን ምኒልክን በ1855 ሲወስደው የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1865 ከመቅደላ እስኪያመልጥ ድረስ አባቱ የሸዋ ንጉሥ ከመሆኑ በቀር ጥፋት አልነበረበትም። የምኒልክ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ (እሱ እንኳ ሥልጣን ይዞ ያየ ነው) ከ1921 ጀምሮ ታስሮ፣ መጀመሪያ ፍቼ በኋላም ጋራ ሙለታ፣ በ1935 እዚያው ሞተ። አሥራ አራት ዓመት። ከዚያ ደርግ መጣና ኢያሱ ታስሮ በሞተበት ዘመን የነገሡትን የኃይለ ሥላሴን ሴት ልጅና የልጅ ልጆች ከ1974 እስከ 1988 ዓለም በቃኝ ዘጋባቸው። ይህም አሥራ አራት ዓመት። ማርክሲስቱ ወታደር ፊውዳሊዝምን አጠፋሁ ሲል የፊውዳሉን አሮጌ ሕግ አንስቶ ነበር የሚሠራው፤ ጥፋትሽ አባትሽ ነው። የተሻሻለው ሴቶችም መጨመራቸው ነው።

ዓለም በቃኝ የነበረበት ከርቸሌ በ2007 ፈረሰ፤ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆመ። ግሸን ግን የትም አልሄደችም። ለንደን ግንብ የሚገባ ቱሪስት በ1483 እዚያ የገቡትን ሁለት ልጆች ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም፤ የዘውዱን ጌጥና የልጆቹን ነገር በአንድ ቀን ያያል። ግሸን የሚወጣ የኛ ሰው ስለ መስቀሉ ሰምቶ፣ ጠበል ጠጥቶ ይመለሳል። «ቅዱሱን ቦታ አታርክስ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቦታውን የሚያረክሰው የእነዚያ ልጆች ስም መነሣቱ ነው ወይስ መታሰራቸው? ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ለታሰሩት ትጸልያለች፤ እዚያ ላይ ታስረው ለሞቱት አንድ ቀን ቢታሰብላቸው ማንንም አያስቀይምም።

ፈረንጅ የጻፈውን ይዘህ መጣህ የሚለኝም አለ። ይሁን፣ አልቫሬዝን እንተወው። ብሩስንም ጨምሩበት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምትናገሩትን «ወህኒ ቤት» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣችሁት ንገሩኝ።