ስለ ዝሆኔና ስለ ሰበሰብነው ጫማ

ባለፈው ክረምት እኛ የማኅበሩ አባሎች አሮጌ ጫማ ሰብስበን ለገጠር ወገኖቻችን ማደላችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጭብጨባውም አልቀረብንም። ነገር ግን ለማደል የሄድነው ልጆች አንድ ነገር አይተን ተመልሰናል፤ ይኸውም ጫማው ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋቸው የነበሩት ሰዎች እግራቸው በዝሆኔ አብጦ ስለ ነበረ አንዱም ልካቸው ሳይሆን መቅረቱ ነው። አንድ እናት ሦስት አራት ጫማ ሞክረው «ተዉት ልጆቼ፥ ለጤነኛው ስጡት» አሉንና ወደ ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

ያፈርነው በዚያን ጊዜ ነው። ስለ በሽታው ምን እናውቅ ነበር? ግማሾቻችን «የዘር ነው» እንል ነበር፤ ግማሾቻችንም እንዳይጋባብን እንሸሽ ነበር (ባዮሎጂ የሚያጠኑት ጭምር!)።

በወላይታና በጎጃም ደጋማ ስፍራዎች የሚታየው ይህ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በቆላ በትንኝ የሚመጣውም ሌላ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው ቀይ አፈር ያዘለው ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ ይገባና የሊምፍ ሥሮችን እያቈሰለ ያጠባቸዋል፤ መውጫ ያጣው ፈሳሽም እግሩን ያሳብጠዋል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቈጣጠር በኢትዮጵያ ያጠናው ይህንኑ ነው። በዘር በኩል ይበልጥ የተጋለጡ መኖራቸው በ2012 በታተመ ጥናት ታይቷል፤ ነገር ግን አፈሩን በባዶ እግሩ ያልረገጠ አይታመምም። «ከዘር የመጣ ምን ይደረጋል» ብሎ ልጁን ያለ ጫማ የሚያሳድግ አባት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የታመመውስ? እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፥ ቫዝሊን መቀባት፥ ካልሲና ሰፊ ጫማ ማድረግ፥ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፥ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ውሃ ከሩቅ በእንስራ ለሚቀዳበት ቤት ግን ቀላል አይደለም። ቢሆንም በምሥራቅ ጎጃም ተሞክሮ በ2018 የታተመው ጥናት ይህ ልማድ በትኩሳትና በሥቃይ አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አስረድቷል።

ስለዚህ ዘንድሮ ማኅበራችን በአሮጌ ጫማ ፈንታ ገንዘብ ቢሰበስብ እንወዳለን። በገንዘቡ ለሕፃናቱ ጫማ፥ ለታመሙት ሳሙናና ቫዝሊን ይገዛ፤ ለእኒያ እናትና ለመሰሎቻቸው ደግሞ እግራቸው ተለክቶ በጫማ ሰፊ ይሠራላቸው። ልኩን የሚወስደው ግን ያበጠውን እግር በእጁ ለመንካት የማይጸየፍ ሊሆን ይገባዋል። ከመካከላችን ስሙን ለጸሐፊው የሚያስመዘግብ አለ ወይ?