የመጨረሻው ምስል ክብ መሆኑ አይበቃም

በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 5 ቀን 2022 የተካሄደው ሙከራ፣ በ2.05 ሜጋጁል የሌዘር ኃይል 3.15 ሜጋጁል የኒውክሌር ውህደት ኃይል አስገኝቷል። ይህ ውጤት ሲነሣ ቀድሞ የሚወደሰው የሌዘሩ ግዝፈት ነው። ሆኖም 192ቱ ጨረሮች እ.ኤ.አ. በ2012 ነዳጁን ሳያቀጣጥል በተደመደመው ዘመቻም ነበሩ። በመካከሉ ከተለወጡት ዐበይት ነገሮች አንዱ፣ ነዳጁ ክብነቱን ሳያጣ እንዲጨመቅ የማድረጉ ጥበብ ነው።

ጨረሮቹ ነዳጁን በቀጥታ አይመቱም። ከወርቅ ወይም ከመሰል ከባድ ብረት ወደ ተሠራ፣ ሆልራውም ወደሚባል ትንሽ ሲሊንደር ገብተው ግድግዳውን ያግላሉ። ከግድግዳው የሚፈልቀው ኤክስሬይ በመሐል ያለችውን፣ ወርዷ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነችውን እንክብል ገጽ አትንኖ ሲያስፈነጥር፣ አጸፋው ዲዩቴሪየሙንና ትሪቲየሙን ወደ ውስጥ ይገፋል። ችግሩ የሚመነጨው ከግድግዳው ነው። የጋለው ግድግዳ ፕላዝማ ሆኖ ሲያብጥ፣ ወደ ሲሊንደሩ ወገብ የሚጓዙትን ጨረሮች መንገድ ይዘጋል፤ ወገቡ ኃይል ሲያንሰው እንክብሏ ከዋልታዎቿ ተጨፍልቃ እንደ ድፎ ዳቦ ትጠፈጠፋለች። ተመራማሪዎች የጨረሮቹን የሞገድ ርዝመት በጥቂት አንግስትሮም በማለያየት፣ ኃይል ከአንዱ የጨረር ቡድን ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ያደርጋሉ።

ዘዴው ብልህ ነው፤ የሚመዘነው ግን በመጨረሻው ቅጽበት በሚነሣ የኤክስሬይ ምስል ብቻ ከሆነ ያታልላል። መጀመሪያ ወገቡ፣ ኋላም ዋልታዎቹ ከልክ በላይ ቢገፉ፣ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ክብ ምስል ሊሰጡ ይችላሉ። እስከዚያው ግን የነዳጁ ውፍረት ከቦታ ቦታ ተዛንፏል፤ ወደ ሙቀትና ግፊት መለወጥ ከነበረበት የእንቅስቃሴ ኃይልም ከፊሉ ባክኗል።

ከዚህ የሚብሰው፣ ምስሉ ጨርሶ ላያሳየው የሚችለው መዛነፍ ነው። አንዱ ጎን ከሌላው ጠንክሮ ሲገፋ (ለዚህም የእንክብሏ ግድግዳ ውፍረት በጥቂቱ መለያየቱ ይበቃል) ትኩሱ እምብርት ክብ እንደሆነ ወደ አንድ ወገን ይንሸራተታል። ይህን የሚያጋልጡት በልዩ ልዩ አቅጣጫ የተተከሉ የኒውትሮን መመርመሪያዎች ናቸው፤ እምብርቱ ወደሚሄድበት ወገን የሚወጡት ኒውትሮኖች ፍጥነታቸው ይጨምራልና።

እንክብሏ ገና በመጨመቅ ላይ ሳለች ያላትን ቅርጽ ለመለካት ለብቻው የተዘጋጀ ሙከራ ያስፈልጋል። ተራ የሚጠበቅበት መሣሪያ ለዚህ መዋሉ ብክነት ነው የሚሉ አይጠፉም። ይሁንና መንሥኤው ያልታወቀ ውድቀት ከዚያ የበለጠ ሙከራ ይበላል። ስለዚህ ስለ ክብነት የሚዘግብ ጽሑፍ፣ ከመጨረሻው ምስል ጎን የሂደቱን ቅርጽና እምብርቱ የተንሸራተተበትን ፍጥነት ማቅረብ፣ ካልተለኩም እንዳልተለኩ በግልጽ ማስፈር ይገባዋል።