ዋጋውን ማን ይናገር?

መብራት ሳይጠፋ ልጻፈው፣ ትንሽ ይረዝማል።

ሰሞኑን ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ፍኖተ ሰላም መጥቶ ሻይ ጋበዘኝ። ወሎ፣ ደላንታ፣ ኦፓል ቁፋሮ ላይ ነበር። በጨርቅ የጠቀለላትን ድንጋይ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሲያዟዙራት አረንጓዴ ትላለች፣ ቀይ ትላለች። "ስንት ታወጣለች?" አልኩት።

"ገዢው ያለውን ነዋ ቲቸር!"

ይቺ መልስ ናት ያንገበገበችኝ። እኛም ጋ እኮ ያው ነው። የቡሬ ገበሬ በርበሬውን ጭኖ ገበያ ሲወጣ፣ ነጋዴው ዘገን አድርጎ "ይሄ ሁለተኛ ነው" ካለ ሁለተኛ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ፊዚክስ (አመሌ ነው፣ ቻሉኝ)። የኦፓል ቀለም የሚመጣው በውስጡ ከተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ነው፤ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ በየቀለሙ ይለያያል። በ2000 ዓ.ም. የተገኘው የደላንታው ደግሞ ውሃ ይመጥጣል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃ ሲጠጣ ክብደቱም ይጨምራል! አንዳንዱ እርጥቡን አስመዝኖ ይሸጣል። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ሁሉንም በጥርጣሬ ዋጋ ይቀንሳል፤ ደረቁን ያመጣው ልጅ የእርጥቡን ዕዳ ይከፍላል።

ቦትስዋናን ተመልከቱ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ካሮዌ ማዕድን ማውጫ 2,492 ካራት አልማዝ ተገኘ፣ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ግራም የቀረው። የለየው የኤክስሬይ ማሽን ነው፤ አልማዝ ካርቦን ስለሆነ ጨረሩን ከሌላው አለት ይበልጥ ያሳልፋል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ማሽኑ አይደለም። በፈረንጆቹ 2013 ዲ ቢርስ የጥሬ አልማዝ ሽያጩን ከለንደን ወደ ጋቦሮኔ አዛወረ፤ መንግሥታቸው ተደራድሮ ነው ያስመጣው። ድንጋዩ በወጣበት አገር ይሸጣል።

እኛ ኤክስሬይ ይምጣልን አላልኩም። ለቆፋሪ ማኅበራት ግራም በትክክል የሚለይ ሚዛንና ጥሩ መብራት፣ ድንጋዩ ደርቆ ተመዝኖ የሚጻፍበት መዝገብ፣ ይኸው ነው። "ደላላ ባይኖር ማን ይገዛቸው ነበር?" የምትሉኝ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይግዛ። ደረጃውን ግን ብቻውን አያውጣ።

ልጁን ይዤው ትምህርት ቤት ሄድን፣ በላብራቶሪ ሚዛን መዘንናት፣ ክብደቷንና ቀኑን ጽፌ ሰጠሁት። "ገዢው ይስቅብኛል" አለኝ። ይሳቅ!

ደላንታ አካባቢ ያላችሁ፣ ደረቁንም እርጥቡንም የመዘናችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።