ወደ ጀርመን የሚወስደው መንገድ በሞጣም ያልፋል



ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን የምህንድስና ተማሪዎች ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስንገናኝ ወሬያችን ብዙ ጊዜ ጀርመን ነው። «ማስተርሱ በነፃ ነው» እንባባላለን። እውነት አለው፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ነገር ግን በራሱ ወጪ የሚሄድ ተማሪ ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያውን በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ማሳየት አለበት። መጠኑ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው። ባደን ቩርተምበርግ በተባለው ግዛት ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል።

ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? አባት ከሱቁ መነሻ ገንዘቡን ያወጣል፤ እናት ወርቋን ትሸጣለች። ካልጎደለ መልካም፤ ከጎደለ ግን «ልጁ ሠርቶ ይከፍለዋል» ተብሎ በወለድ ብድር ይገባል። ዒልም ፍለጋ ብለን ወጥተን ወላጆቻችንን ሪባ ውስጥ መክተት የለብንም። ጀርመን ለተማሪ በዓመት 140 ሙሉ የሥራ ቀን ብትፈቅድም፣ ከቤተ ሙከራና ከፈተና በተረፈ ሰዓት ተሠርቶ ራስን ማኖርም ዕዳ መክፈልም ከባድ ነው።

ብዙዎቻችን የዘነጋነው ሌላ በር አለ። ዳአድ የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የማስተርስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ወርሃዊ አበል፣ የጤና መድንና የጉዞ ድጋፍ አለው። በሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የመሠረተ ልማት ፕላን፣ በድሬስደን የሚሰጠው የውሃ ሳይንስና ምህንድስና በዚህ መንገድ ብዙዎች የተማሩባቸው ናቸው። መስፈርቱ ከምረቃ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት በሙያ መሥራትን ይጠይቃል፤ የመጀመሪያ ዲግሪውም በአብዛኛው ከ6 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት።

እንግዲህ «ተመርቆ አገሩ ገባ» መባልን ለምን እንፈራለን? በወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም በመንገድ ሥራ ያሳለፍናቸው ሁለት ዓመታት የባከኑ አይደሉም፤ ማመልከቻው የሚጠይቀው እነሱን ነው። የምንጽፈውም ነገር አናጣም። ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰብሮ ሰው ለዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሯል። በ2002 እ.ኤ.አ. ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ መልሶ ወሰደው። «ለምን ጎርፉን አልቻለውም?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ለምን ውሃ ምህንድስና መማር እንደሚፈልግ ለመጻፍ ቃል አይቸግረውም።

ሥራ በቀላሉ እንደማይገኝ እናውቃለን፤ የክልላችንም ሁኔታ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ሁለት ዓመት ሦስት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ከዕዳ ይሻላል። ተወኩል ሰበብ ከማድረስ ጋር ነውና ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ውጤታችንን እንጠብቅ፤ እንግሊዝኛችንን እናጠንክር፤ ስንሠራም የሠራነውን በዝርዝር የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንያዝ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ትምህርቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ማመልከቻ ስለሚዘጉ ቀኑን ቀድመን እንወቅ።

ከጀማዓችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ በዚህ በር ያለፉ ታላላቆቻችን በሴሚስተር አንድ ቀን ተቀምጠው የታናናሾቻቸውን የማመልከቻ ደብዳቤ ይዩላቸው። ገንዘብ አያስወጣም፤ አጅሩ ግን ብዙ ነው።

አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፤ የወላጆቻችንንም ልፋት በሐላል የምንክስ ያድርገን። አሚን።